ጡጦ ባየች ቁጥር ታለቅሳለች፤ ሥራ ልገባ ሦስት ሳምንት ቀረኝ

ጥያቄ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ሴት ልጅ ከወለድኩ ሦስት ወር ከግማሽ ሆነኝ። ጡት በደንብ ትጠባለች፣ ክብደቷም ጥሩ ነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሥራ እገባለሁ፤ ቀን ቀን የምትይዛት እናቴ ናት። ችግሩ ጡጦ የሚባል ነገር አታስጠጋም። አንድ ወር ሲሆናት ባለቤቴ አንድ ሁለቴ በጡጦ ሰጥቷት ጠጥታ ነበር። ለመደች ብለን ተውነው። አሁን ጫፉ ከንፈሯን ገና ሲነካት ፊቷን ታዞራለች፣ ታለቅሳለች። አራት ዓይነት ጡጦ ገዛሁ፣ ለውጥ የለም። እኔ ስሰጣት ጭራሽ ይብሳል፤ ጡቴን እየፈለገች ትንፈራገጣለች። ጎረቤቴ «ጡት ከልክያት፣ ሲርባት ሳትወድ ትጠጣለች» አለችኝ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሞከርኩት። አልቅሳ አልቅሳ ድምጿ ተዘጋ። እኔም አብሬያት አለቀስኩ፤ መጨረሻ ላይ አጠባኋት። ከዚያ ወዲህ ጡጦውን ከሩቅ ስታየው ነው የምትጀምረው። ከአሁኑ ጡት ላስጥላት? ወይስ ሥራውን ልተወው?

እንቅልፍ ያጣች እናት

መልስ

ውድ እህቴ፣

ጡትም አታስጥያት፣ ሥራሽንም በዚህ የተነሳ አትተይ። ሦስት ሳምንት ለዚህ ጉዳይ አያንስም። ልጅሽ ጡት በደንብ ትጠባለች፣ ክብደት እየጨመረች ነው፣ የሚይዟት ደግሞ የገዛ አያቷ ናቸው። የቀረው ጡጦው ብቻ ነው። እሱም እምቢ ካለ ሌላ መንገድ አለ፤ ወደ ታች እነግርሻለሁ።

ከጎረቤትሽ ምክር ልጀምር። «ሲርባት ትጠጣለች» የሚል ሰው የትም አይጠፋም። ሲሰሙት ትክክል ይመስላል። ግን የራባት ሕፃን የምትፈልገው የምታውቀውን ነው። ከጡጦ መጥባት ለልጅሽ ያልተማረችው ሥራ ነው፤ አዲስ ሥራ ደግሞ በለቅሶ መሀል አይለመድም። እያለቀሰች አፏ የገባው ጠብታም ትን ይላታል። ያን ቀን የተማረችው ነገር ቢኖር ጡጦ ሲመጣ ጡት እንደሚጠፋ ነው። ከሩቅ ስታየው የምትጀምረው ለዚህ ነው። ጎረቤትሽን አትቀየሚያት፣ ለበጎ ብላ ነው። ደግመሽ ግን አትሞክሪው። በዚህ ዕድሜ ያለች ሕፃን ብዙ ሰዓት ሳትጠጣ ከቆየች ሰውነቷ ቶሎ ውሃ ያጥረዋል።

በአንድ ወሯ ጠጥታ አሁን ምን ነካት ያልሽው ምክንያት አለው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሕፃን አፉ ውስጥ የገባውን ሁሉ ይጠባል። ፈልጎ አይደለም፤ ሰውነቱ በራሱ የሚያደርገው ነገር ነው። ወደ ሦስትና አራት ወር ገደማ ግን መጥባት እየቆየ የራሱ ምርጫ ይሆናል። ያኔ «ይህን እፈልጋለሁ፣ ያንን አልፈልግም» ይጀመራል። ልጅሽ አሁን እዚያ ላይ ናት። ግትር አይደለችም፣ አድጋለች። (ገና የወለዳችሁ ይህን የምታነቡ ካላችሁ፦ ጡት መጥባቱ መስመር ከያዘ በኋላ፣ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ፣ ትንሽ የታለበ ወተት በጡጦ ማስለመድ ጀምሩ። ጠጣ ብላችሁ ደግሞ አትተዉት፤ በሳምንት ጥቂት ጊዜ ይቀጥል።)

አሁን ራስሽን በእሷ ቦታ አድርጊና ተመልከቺው። ጡት ስትጠባ አፏን በሰፊው ትከፍታለች፤ ጫፉን ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ያለውንም ጥቁር ክፍል ትጎርሳለች። መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ ትስባለች፣ የሚመጣው ግን ጥቂት ነው። ትንሽ ቆይቶ ወተቱ ግር ብሎ ይወርዳል። ያኔ አሳሳቧ ይረዝማል፣ ስትውጥ ድምጿ ይሰማል። ሲበቃት ታቆማለች፣ ወተቱም አብሮ ይቆማል። አዛዧ እሷ ናት። ጡጦው ግን ጫፉ ጠባብና ደረቅ ነው። ሽታው የማንም አይደለም። ከተዘቀዘቀ ደግሞ ሳትስብም ይንጠባጠባል፤ መዋጥ ግድ ይሆንባታል። ብትቆጣ አልፈርድባትም።

እንግዲህ ወደ ሥራው እንግባ። ቀድመሽ የምታደርጊው ነገር ምንም አለማድረግ ነው። ለሁለት ሦስት ቀን ጡጦ የሚባል ነገር አይታያት። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ የሆነው ትንሽ ይርሳት። አንቺም እረፊ።

በእነዚህ ቀናት ወተት ማለብ ትጀምሪያለሽ። ጠዋት ላይ ብዙ እናቶች ወተታቸው ሞልቶ ያድራል። እሷን ካጠባሽ በኋላ በፓምፕ ወይም በእጅሽ የቻልሽውን ያህል እለቢ። መጀመሪያ ላይ የሚወጣው ትንሽ ቢሆን አትደንግጪ፤ እሷ ከጠጣች በኋላ የቀረው ነው። ጡትሽም ለፓምፕ እንግዳ ነው፣ እየቆየ ይለምዳል።

ከዚያ ጡጦው ባዶውን ይመጣል። ባዶ፣ ንጹሕ ጡጦ በእጇ ትንካ፣ ታገላብጠው፣ ጫፉን እንደ ልማዷ አፏ ውስጥ ከትታ በድዷ ታኝከው። ማንም አይስጣት፣ ማንም አያግዛት። በዚህ ዕድሜ ሁሉም ነገር ወደ አፍ ነው የሚሄደው፤ ያንን ተጠቀሚበት። አንድ ሁለት ቀን በዚህ ይለፍ።

ወተት ሲገባበት የሚሰጣት ማን ነው? እናትሽ። አንቺ አይደለሽም። አንዳንድ ሕፃን ከእናቱም እጅ ጡጦ ይቀበላል፣ ያንቺ ግን መልሷን ሰጥታሻለች። ካንቺ የምታውቀው ጡቱን ነው፤ ጡቱ እዚያው እያለ ጡጦ ይዘሽ ስትመጪ ግራ ይገባታል። አንቺ በር ዘግተሽ ሌላ ክፍል መቀመጥም ብዙ ጊዜ አይበቃም። ድምፅሽን ትሰማለች፣ ሽታሽንም ታውቃለች። ከቤት ውጪ። ግማሽ ሰዓት በእግርሽ ሂጂና ነይ። በየአምስት ደቂቃው እየደወልሽ «ጠጣች ወይ?» አትበይ፤ እናትሽም ይጨነቃሉ፣ ጭንቀታቸው ደግሞ ወደ ልጅቷ ይጋባል። ባለቤትሽ አመሻሹ ላይ ቢለማመድ ጥሩ ነው፤ ግን ዋናው ትምህርት ቀን ቀን የሚይዟት ሰው ዘንድ ይሁን። ለነገሩ እናትሽም ቢሆኑ መለማመድ አለባቸው። ልጆች አሳድገዋል፣ ይህችን ልጅ ግን በጡጦ አላጠጡም።

ሰዓቱ ወሳኝ ነው። ጡት ከጠባች አንድ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ሲያልፍ ሞክሩት። ጠግባ አይደለችም፣ አልራባትምም። ጠዋት ነቅታ፣ ዳይፐሯ ተቀይሮ፣ ፊቷ ፈካ ሲል ያለው ሰዓት ምርጥ ነው። አንዳንዷ ደግሞ ከቀን እንቅልፍ ልትነቃ ስትል፣ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ ሳታውቀው ትቀበላለች። ሁለቱንም ሞክሩና የሚሻለውን ያዙ። በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ፣ እያንዳንዱ ከ10 ደቂቃ ያልበለጠ። ፊቷን ካዞረች ጡጦው ይቀመጣል። ከተቆጣች ጡጦው ይቀመጣል። ለቅሶ ሳይጀመር ማቆም ነው ብልሃቱ። ዛሬ የሞከራችሁት አንድ ጠብታ ሳትውጥ በሰላም ካለቀ፣ ነገ ጡጦውን ስታየው አታለቅስም። በመጀመሪያው ሳምንት የምትፈልጉት ይኸንን ነው እንጂ ስንት ሚሊ ሊትር እንደጠጣች መቁጠር አይደለም።

አያያዙን ለእናትሽ እንዲህ ብለሽ አሳዪያቸው። ጡት እንደምታጠቢያት አጋድመው አይያዟት፤ ያ አያያዝ ጡት ያስታውሳታል። ቀና ብላ ትቀመጥ፣ ጭንቅላቷና አንገቷ ይደገፍ። ካልወደደችው ጀርባዋን ደረታቸው ላይ አስደግፈው ፊቷን ወደ መስኮት አዙረው ይሞክሩ። ቆሞ ቀስ እያሉ መራመድ የሚያረጋጋት ልጅም አለች። የጡጦውን ጫፍ ቀድመው ለብ ባለ ውሃ ያሙቁት፤ ቀዝቃዛ ጎማ ማንም አይወድም። ከወተቱ አንድ ሁለት ጠብታ ጫፉ ላይ ያርጉበት። ከዚያ በላይኛው ከንፈሯ ላይ ያስነኳትና ይጠብቁ። አፏን ስትከፍት ራሷ ትሳበው። ወደ ውስጥ መግፋት የለም። ስታለቅስ በተከፈተው አፍ ቶሎ ማስገባትማ በፍጹም የለም።

ጡጦው ውስጥ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሊትር ብቻ ይኑር። ብዙ ከሆነ እምቢ ባለች ቁጥር የሚደፋው ያንቺ ድካም ነው፣ ያኔ ሁሉም ይናደዳል። ስትጀምር ጡጦውን ወደ ላይ አትዘቅዝቁት፤ ጋደም አድርጋችሁ ያዙት፣ ጫፉ እስከ ግማሹ ወተት ቢኖረው ይበቃል። እንዲህ ሲሆን ካልሳበች አይመጣላትም። እንደ ጡቱ ሥራው የእሷ ይሆናል። ጥቂት ከጠባች በኋላ ጡጦውን ከአፏ ሳታወጡ ዝቅ አድርጉት፣ ትንፋሽ ትውሰድ። እንደገና ስትስብ ቀና አድርጉት። መሀል ላይ ጎኗን ቀይሩ፣ አስገሷት። እየለመደች ስትሄድ አንድ ጡጦ ለመጨረስ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ብትወስድ ጥሩ ፍጥነት ነው። በአምስት ደቂቃ ግጥም ካደረገችው ወተቱ እየፈጠነባት ነው። ያ ደግሞ ነገ ጡቱን «ቀሰስተኛ ነህ» እንድትለው ያደርጋል።

ስትጠጣ ወተቱን ሳይሆን እሷን ተመልከቱ። ቅንድቧ ወደ ላይ ከተሰቀለ፣ ዓይኗ ከፈጠጠ፣ የእጇ ጣቶች እንደ መበተን ካሉ፣ በአፏ ጥግ ወተት ከፈሰሰ በዝቶባታል ማለት ነው። ጡጦውን ዝቅ ማድረግ ብቻ ነው። ጣቶቿ እየተፈቱ፣ ትከሻዋ እየረገበ ከሄደ ግን ደህና ነው፤ ዝም ብሎ ይቀጥል። ጠግባ ፊቷን ስታዞር «የቀረችው ትንሽ ናት» ብሎ መለመን ደግሞ የሁላችን ልማድ ነው። ይቅር።

ስለ አራቱ ጡጦዎች ብዙ የምለው የለኝም። ቀስ ብሎ የሚያወርድ ጫፍ ያለውን አንዱን መርጠሽ ሌሎቹን ከዓይንሽ አርቂ። በየቀኑ ስትቀያይሪባት በየቀኑ ከዜሮ ትጀምራለች። ካርቶኑ ላይ «ልክ እንደ እናት ጡት» ተብሎ ሊሆን ይችላል። ያንን አንብቦ ያመነ ሕፃን ግን እስካሁን አልገጠመኝም። አንድ ሳምንት በአንዱ ሞክራችሁ ከሳበች በኋላ እየተናደደች የምትተወው ከሆነ፣ ምናልባት ቀዳዳው ጠቦባት ይሆናል። ያኔ ከፍ ያለውን ቁጥር ጫፍ ሞክሩ።

ይልቅ ወተቱን ቅመሺው። የምሬን ነው። የአንዳንድ እናቶች ወተት ፍሪጅ ውስጥ ወይም ፍሪዘር ውስጥ ሲቆይ የሳሙና ሽታ ያመጣል። ሊፔዝ የሚባል፣ ስብ የሚያፈጭ ኢንዛይም በወተቱ ውስጥ ስላለ ነው። ወተቱ አልተበላሸም፣ ልጅቷንም አይጎዳትም፤ ብዙ ሕፃናት ግድም አይሰጣቸው። አንዳንዱ ግን አይቀበለውም። አዲስ የታለበውን ከወሰደች፣ የቆየውን ግን ከተፋች መልሱ ይኸው ነው። መፍትሔው እንደታለበ ድስት ውስጥ አድርጎ ዳር ዳሩ ላይ ትንንሽ አረፋ እስኪያወጣ ብቻ ማሞቅ፣ ሳይፈላ ማውረድ፣ ወዲያው ማቀዝቀዝና ማስቀመጥ ነው። ሽታ የሌለውን ወተት ግን እንዲህ አታድርጊው፤ ሙቀት ከጥቅሙም ይቀንሳል።

ስለ ማስቀመጡ ደግሞ እናትሽ የሚያዩት ቦታ ላይ ጽፈሽ ለጥፊላቸው። አዲስ የታለበ ወተት ከ25 ዲግሪ ባልበለጠ ክፍል ውስጥ እስከ 4 ሰዓት ይቆያል። ፍሪጅ ውስጥ እስከ 4 ቀን፤ በሩ ላይ ሳይሆን ወደ ውስጥ ገባ ብሎ። ፍሪዘር ውስጥ እስከ 6 ወር ጥሩ ነው። ከፍሪዘር ወጥቶ ፍሪጅ ውስጥ የቀለጠው በ24 ሰዓት ውስጥ ያልቃል፣ ተመልሶ ፍሪዘር አይገባም። አፏ የነካው ጡጦ ውስጥ የቀረው፣ ጠጥታ ከጨረሰች ከ2 ሰዓት በኋላ ይደፋል። ማሞቅ ሲያስፈልግ ጡጦውን ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ መንከር ነው። ማይክሮዌቭ አይሆንም፤ አንዱን ቦታ አቃጥሎ ሌላውን ቀዝቃዛ ይተዋል፣ ጡጦው ከላይ ሲዳሰስ ለብ ያለ መስሎ ውስጡ አፏን ይጠብሳታል። ከመስጠታቸው በፊት በክንዳቸው ውስጠኛ በኩል፣ ከአንጓው ጋ አንድ ጠብታ ያንጠባጥቡ። መሞቁም መቀዝቀዙም የማይታወቅ ከሆነ ልክ ነው። ስቡ ከላይ ተንሳፍፎ ቢያዩት አይደንግጡ፣ ጡጦውን ቀስ አድርጎ ማወዛወዝ ይመልሰዋል።

ስንት ትጠጣለች የሚለው ጭንቀት ሁሉም ሥራ የምትመለስ እናት ያለባት ነው። ጡት ብቻ የሚጠቡ ሕፃናት ከ1 እስከ 6 ወር ባለው ዕድሜያቸው በ24 ሰዓት ውስጥ በአማካይ ከ750 እስከ 800 ሚሊ ሊትር ይጠጣሉ። የሚያንሱም የሚበልጡም አሉ። ስትለይዋት በሰዓት ከ30 እስከ 45 ሚሊ ሊትር ብለሽ አስቢ። 9 ሰዓት የምትርቂ ከሆነ ከ270 እስከ 400 ገደማ ማለት ነው። በ60 በ60 ሚሊ ሊትር ከፋፍለሽ አስቀምጪላቸው። ካነሳት ትጨምራለች፣ ከተረፈም ብዙ አይደፋም።

ከዚህ ያነሰ ብትጠጣስ? ብዙዎቹ ልጆች የሚያደርጉት ነገር አለ። ቀን ከጡጦው ቀመስ ቀመስ ያደርጉና እናት ስትመለስ ከማታ እስከ ንጋት ጡት ላይ ይካካሱታል። አድካሚ ነው፣ አልዋሽሽም። ለእሷ ግን ችግር የለውም። አንቺ የምታዪው ዳይፐሩን ነው። በ24 ሰዓት ውስጥ 6ና ከዚያ በላይ በደንብ የረጠበ ዳይፐር ካለ፣ ስትነቃ ንቁ ከሆነች፣ ክብደቷ መጨመሩን ከቀጠለ በቂዋን እያገኘች ነው። ሽንቷ ካነሰና ከጠቆረ፣ አፏ ከደረቀ፣ ስታለቅስ እንባ ካጣች፣ እርግብግቢቷ ከጎደጎደ ወይም ፈዝዛ አልነቃ ካለች ግን ነገ አይባልም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም። ጡጦውን ብቻ ሳይሆን ጡትሽንም እምቢ ማለት ከጀመረችም አስመርምሪያት። የታፈነ አፍንጫ፣ የጆሮ ሕመም፣ አፍ ውስጥ ቢጠርጉት የማይለቅ ነጭ ነገር ሁሉም መጥባትን ያስጠላሉ።

ቃል የገባሁልሽ ሌላው መንገድ ይኸውልሽ፤ ጡጦ ግዴታ አይደለም። ሰዉ ሁሉ የሚረሳው ነገር ነው። ሕፃን በትንሽ ኩባያ መጠጣት ይችላል፤ ገና የተወለደም ጭምር። በጤና ተቋማት ውስጥ ጡት መጥባት ያልቻሉ ጨቅላዎች በኩባያ ይመገባሉ። የዓለም ጤና ድርጅትም ንጹሕ ውሃና ጡጦ ማጠቢያ በሚቸግርበት ሁኔታ ከጡጦ ይልቅ ኩባያ ይመረጥ ይላል፤ ኩባያ ለማጠብ ቀላል ነው፣ ቆሻሻ የሚደበቅበት ጫፍ የለውም። ለልጅሽ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው፤ ጡትን ምንም አያስታውሳትም። ከጡት ጋር የማይወዳደርን ነገር ብዙ ልጆች በቀላሉ ይቀበሉታል።

አሰጣጡ ትዕግሥት ይፈልጋል። ጠርዙ ለስላሳ የሆነ ትንሽ ኩባያ፣ እስከ ግማሽ ወተት። ልጅቷ ጭን ላይ ቀና ብላ ትቀመጥ፣ እጇ እንዳይመታው በስስ ጨርቅ ይጠቅለል፣ አገጯ ሥር ደግሞ ፎጣ ይግባ። ኩባያው የታችኛው ከንፈሯ ላይ በቀስታ ይረፍና ወተቱ ከንፈሯን እስኪነካ ብቻ ይዘንበል። ከዚያ እጅ አይንቀሳቀስ። እሷ ምላሷን አውጥታ ትልሳለች ወይም ፉት ትላለች። ወደ አፏ ማፍሰስ ክልክል ነው፤ ትን ይላታል። ስታቆም ኩባያው እዚያው ሆኖ ያርፋል፣ ዝግጁ ስትሆን ትቀጥላለች። መጀመሪያ ላይ አብዛኛው ፎጣው ላይ ይቀራል። ከጥቂት ቀን በኋላ ግን እናትሽ ራሳቸው ይገርማቸዋል። እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን፣ አንድ ሳምንት ሙሉ በሰላም ተሞክሮ ጡጦው ካልሄደ ወደ ኩባያ እዞር ነበር። ስድስት ወር ሲሞላት ምግብ ስትጀምር ለማንኛውም ኩባያ መልመዷ አይቀርም። ያለ ጊዜዋ የተወለደች ወይም የመዋጥ ችግር ያለባት ብትሆን ኖሮ ይህን ቀድመሽ ከሐኪም ጋር ተነጋገሪ እልሽ ነበር።

ከጡትሽ ታልቦ በኩባያም ሆነ በጡጦ የተሰጣት ወተት ያው የእናት ጡት ወተት ነው። እስከ 6 ወር ጡት ብቻ የሚለው ምክርም አይፈርስም። የምታልቢው ካልበቃና የዱቄት ወተት ማከል ግድ ከሆነ አትሸማቀቂ። ግን አዲስ ወተትና አዲስ ጡጦ በአንድ ቀን አታምጪባት። ቆርቆሮው ላይ ያለውን ልኬት አትቀንሺ፣ አትጨምሪ። ውሃው ፈልቶ ከ70 ዲግሪ ሳይወርድ ዱቄቱ ይበጥበጥ፣ ከዚያ ይቀዝቀዝላት። ሌላ ነገር ግን በጡጦው አይግባ። ውሃ አይሆንም፣ ስኳር አይሆንም፣ የላም ወተት አንድ ዓመት ሳይሞላት አይሆንም። ማር «ትወደዋለች» ብሎ ጫፉ ላይ መቀባትም የሚመጣላቸው ሰዎች አሉ። ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ማር አደገኛ ነው፤ ቦቱሊዝም የሚባል ከባድ መመረዝ ሊያመጣ ይችላል።

ለእናትሽ አንድ ነገር ጨምሪላቸው። ልጅቷ ስትለምድም ጡጦውን በትራስ አስደግፎ ትቶ መሄድ የለም። ትን ሊላት ይችላል፣ ጆሮዋንም ለሕመም ያጋልጣል። ስትጠጣ ሰው ይያዛት።

አንቺም ሥራ ቦታ እሷ በምትጠጣበት ሰዓት፣ በየሦስት ሰዓቱ ገደማ ማለብ አለብሽ። ከዘለልሽው ጡትሽ ይወጥርና ያምሻል፣ ሊመረቅዝም ይችላል፤ ከቀናት በኋላ ደግሞ ወተቱ ራሱ ይቀንሳል። ከአሁኑ አለቃሽን አነጋግሪ፤ በሩ የሚዘጋ ክፍልና ወተቱ የሚቀመጥበት ቀዝቃዛ ቦታ እንዳለ እወቂ። መጸዳጃ ቤት ውስጥ አልቢ ቢሉሽ እሺ አትበይ። ማንም ምሳውን እዚያ አያዘጋጅም።

በሦስተኛው ሳምንት እውነተኛውን ቀን ለማስመሰል ሞክሩ። አንድ ቀን ሁለት ሰዓት ጥፊ፣ ሌላ ቀን ግማሽ ቀን። ልትወጪ ስትዪ አጥቢያት፣ እንደተመለስሽ አጥቢያት። እናትሽ አንቺ ልትደርሺ አንድ ሰዓት ሲቀር ትልቅ ጡጦ አይስጧት፤ ከራባት ትንሽ ቀምሳ ትጠብቅሽ። ስትመለሺ ፊቷን ብታዞርብሽ ወይም ጡት ላይ ተለጥፋ አልላቀቅ ብትል ሁለቱም ያልፋል።

ከተፈቀደልሽ ደግሞ ሥራ የምትገቢው ሰኞ ሳይሆን ሐሙስ ይሁን። ሁለት ቀን ሠርተሽ ቅዳሜና እሑድን አብረሻት ትውያለሽ፤ በእነዚያ ሁለት ቀናት ምን እንደጠጣች፣ የቱ ሰዓት እንደከበዳት ከእናትሽ ጋር ቁጭ ብላችሁ ታወሩና ለሰኞ ታስተካክሉታላችሁ።